ቼክ ኢንጂን በቤንዚን ትነት ሲበራ፦ የኢቫፕ ቀዳዳ አፈላለግ

መኪናው ጉልበቱ አልቀነሰም፣ አይንተፋተፍም፣ የቤንዚን ፍጆታውም ያው ነው። ክሩስኮቱ ላይ ግን ቢጫዋ ቼክ ኢንጂን በርታ አልጠፋ ብላለች። ስካነር ሲሰካ ፒ0442፣ ፒ0455 ወይም ፒ0456 ይወጣል፤ ሦስቱም የቤንዚን ትነት የሚያስወጣ ቀዳዳ አለ የሚሉ ኮዶች ናቸው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የቤንዚን ክዳን ይገዛል። መብራቷ ከሳምንት በኋላ ስትመለስ ፐርጅ ቫልቭ ይቀይራል፤ ቀጥሎ ካኒስተር። ሦስተኛው ዕቃ ላይ ሲደርስ ጥፋቱ አንዲት አጭር የጎማ ቱቦ ላይ ሆኖ ይገኛል። ይህ ሥራ የሚያልቀው ዕቃ በመቀየር ሳይሆን በመለየት ነው። መጀመሪያ ሁለቱ ቫልቮች፣ ፐርጅና ቬንት፣ በትክክል መክፈት መዝጋታቸው ይረጋገጣል፤ ቀዳዳ የሚፈለገው ከዚያ በኋላ ነው። ቫልቩ ካልዘጋ የጭስ ማሽን ሙሉ ቀን ቢሠራም የሚገኝ ቀዳዳ የለም።

ኢቫፕ ምንድን ነው?

ቤንዚን በቆመበት ይተናል፤ ኢቫፕ ይህን ትነት ይዞ ወደ ሞተሩ የሚመልስ ሥርዓት ነው። ትነቱ ሜዳ ላይ እንዳይለቀቅ ሰልባትዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ታሽጎ ካኒስተር ከሚባል የፕላስቲክ ሣጥን ጋር በቱቦ ይገናኛል። ሣጥኑ በከሰል ፍሬ የተሞላ ነው፤ ከሰሉ ትነቱን መጥጦ ይይዛል። ሞተሩ ሲሞቅ ኮምፒውተሩ ፐርጅ ቫልቭን ይከፍታል፣ የሞተሩ ቫኪዩም የተጠራቀመውን ትነት ስቦ ያቃጥለዋል። የተሳበውን የሚተካው ንጹሕ አየር ወደ ካኒስተሩ የሚገባው በቬንት ቫልቭ በኩል ነው።

አንድ ነገር በቃል መያዝ ያስፈልጋል፦ ፐርጅ ቫልቭ ኤሌክትሪክ ካላገኘ ዝግ ነው፤ ቬንት ቫልቭ ኤሌክትሪክ ካላገኘ ክፍት ነው። ይህን የያዘ ሰው የሥራውን ግማሽ ጨርሷል።

ኮምፒውተሩ ቀዳዳ መኖሩን የሚያውቀው ሁለቱንም ዘግቶ ውስጡ ያለው ግፊት ወይም ቫኪዩም ጸንቶ መቆየቱን በማየት ነው፤ ጎሚስታ ጎማ ነፍቶ ይተነፍስ እንደሆነ እንደሚያየው ማለት ነው። ይህ ፍተሻ የአሜሪካ ሕግ የወለደው ነው። ከ1996 ሞዴል ጀምሮ እዚያ የሚሸጡ መኪኖች ኦቢዲ 2 (መኪናው ራሱን የሚፈትሽበት ሥርዓት) እንዲኖራቸው ሲደረግ፣ መታየት ያለበት ቀዳዳ 1 ሚሊሜትር (0.040 ኢንች) ነበር። ከ2000 ሞዴል ወዲህ ቀስ በቀስ ወደ 0.5 ሚሊሜትር (0.020 ኢንች) ወረደ። ግማሽ ሚሊሜትር ከልብስ መርፌ ውፍረት ያንሳል። ስለዚህ «ሥሩ ገብቼ አየሁ፣ ምንም የለም» ማለት ቀዳዳ የለም ማለት አይደለም።

ለገልፍ (ለባሕረ ሰላጤው የዐረብ አገሮች) ገበያ የተሠሩ ብዙ መኪኖች ካኒስተርና ፐርጅ ቫልቭ ቢኖራቸውም ቀዳዳ ፈታሹ ክፍል የላቸውም። አዲስ አበባ ውስጥ ፒ0456 የሚያወጣ ቶዮታ ብዙውን ጊዜ ለአሜሪካ የተሠራ ነው። ዕቃ ስታዙም ይህን አስቡበት፤ ሞዴሉና ዓመቱ አንድ ሆኖ ሳለ የገልፉ ካኒስተር ላይገጥም ይችላል።

ኮዱ የሚለውና የማይለው

ፒ0455 ትልቅ ቀዳዳ፣ ፒ0442 ትንሽ፣ ፒ0456 በጣም ትንሽ ማለት ነው። ፒ0457 ክዳኑ ላልቷል ወይም ተረስቷል ብሎ ይጠረጥራል። ፒ0441 ፐርጁ ሲታዘዝ የሚጠበቀው ፍሰት አልታየም ማለት ሲሆን፣ ፒ0496 ደግሞ ሳይታዘዝ ትነት እየተሳበ ነው፣ ፐርጅ ቫልቩ ክፍት ቀርቷል የሚል ነው። ፒ0443 የፐርጁን፣ ፒ0449 የቬንቱን ሽቦና መጠምጠሚያ ይመለከታሉ። ፒ0446 በቬንት በኩል ያለ ችግር ነው። ከፒ0451 እስከ ፒ0453 ያሉት ስለ ሰልባትዮው ግፊት ሴንሰር ናቸው።

የኤሌክትሪክ ወይም የሴንሰር ኮድ ከቀዳዳ ኮድ ጋር አብሮ ከወጣ መጀመሪያ የሚታየው ኤሌክትሪኩ ነው። ሴንሰሩ እየዋሸ ቀዳዳ መፈለግ ድካም ነው። ፒ0455 እና ፒ0441 አብረው ሲመጡ ደግሞ ከቀዳዳ ይልቅ የማይከፍት ፐርጅ ቫልቭ ወይም ከቦታው የወለቀ ቱቦ ይጠረጠራል፦ ቫኪዩሙ ሰልባትዮው ጋ ስላልደረሰ ኮምፒውተሩ «ትልቅ ቀዳዳ» ብሎ ይተረጉመዋል።

ኮዱን ከማጥፋታችሁ በፊት ፍሪዝ ፍሬሙን በስልክ ፎቶ አንሱት። ኮዱ ሲመዘገብ የነበረው የቤንዚን መጠን፣ የሞተሩ ሙቀትና ፍጥነት እዚያ አለ። ቤንዚን በተሞላ ማግስት የተመዘገበ ከሆነ ዓይናችሁ ክዳኑና የአንገቱ (የቤንዚን መሙያው) ቧንቧ ላይ ይሁን። ኮዱን ካጠፋችሁ ይህ ሁሉ አብሮ ይጠፋል፣ ተመልሶ እስኪመዘገብም ቀናት ይፈጃል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሥራው ከቤንዚን ትነት ጋር ነው። ደጅ ወይም በሩ የተከፈተ ቦታ ይሁን፤ ሲጋራ፣ ብየዳ፣ የሚግል አምፖል አጠገቡ አይኑር። መብራት በባትሪ የሚሠራ ኤልኢዲ ብቻ። መኪናው በክሪክ ብቻ ተንጠልጥሎ ማንም ሥሩ አይግባ፤ መደገፊያ ይደረግ። እሳት ማጥፊያ እጅ በሚደርስበት ይቀመጥ። ከመኪናው ሥር ፈሳሽ ቤንዚን የሚንጠባጠብ ከሆነ ጉዳዩ የኢቫፕ አይደለም፤ መኪናው አይነሳ፣ መጀመሪያ ፍሳሹ ይታይ።

የቤንዚኑ መጠን ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ ባለው ቢሆን ጥሩ ነው። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ መሥራት ይመረጣል፤ የሞቀ ቤንዚን እየተነነ ግፊት ስለሚጨምር ትንሹን ቀዳዳ ይሸፍነዋል።

ክዳኑ

ክዳኑን ፈትታችሁ ጎማውን በጣት ዙሩት። የተሰነጠቀ፣ እንደ ፕላስቲክ የደረቀ፣ በአንድ በኩል የተጨፈለቀ ከሆነ ይቀየር። ክዳኑ የሚያርፍበትን የአንገት ከንፈርም እዩ፤ ዝገት ወይም የፓምፕ አፍንጫ የቧጨረው ካለ አዲስ ክዳን ቢገዛም ይተነፍሳል። ክዳን ሲገዛ የፋብሪካው ይሁን። ርካሹ ይገጥማል፣ «ቀጭ» ይላል፣ ግን የጎማው ውፍረት ስለሚለይ ፒ0456ን አያጠፋም። ከክዳኑ ሥር ፌስታል ማድረግ የተለመደ ዘዴ ነው፤ ፌስታሉ ተጨማድዶ ራሱ የአየር መንገድ ይከፍታል፣ ሲቀደድ ደግሞ ቁራጩ ሰልባትዮ ውስጥ ገብቶ የፓምፑን ወንፊት ይለብሰዋል።

ሁለቱ ቫልቮች

ፐርጅ ቫልቭ በአብዛኛው ሞተሩ አጠገብ፣ በአየር ማስገቢያው ላይ ወይም ጎን ይገኛል። ሁለት ቱቦና አንድ የሽቦ ሶኬት አለው። ሞተሩን አስነሱና ሶኬቱን ንቀሉ። አሁን ቫልቩ የግድ ዝግ መሆን አለበት። ወደ ካኒስተር የሚሄደውን ቱቦ ከቫልቩ አውልቃችሁ በቫልቩ አፍ ላይ ጣት አድርጉ። ትንሽ እንኳ የሚስብ ከሆነ ቫልቩ ያስተላልፋል፤ ፍለጋው እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችላል። ሶኬቱን በመንቀላችሁ ሌላ ኮድ ሊመዘገብ ይችላል፤ አያስደንግጣችሁ፣ መጨረሻ ላይ ይጠፋል።

የሚያስተላልፍ ፐርጅ ቫልቭ ሌላም ምልክት አለው፦ ቤንዚን ተሞልቶ ወዲያው ሲነሳ ሞተሩ ይቸገራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ይስተካከላል። ሰልባትዮው ሲሞላ የተገፋው ትነት ክፍት በቀረው ቫልቭ ወደ ሞተሩ ስለሚፈስ ነው።

ቫልቩን አውጥታችሁ ነጭ ወረቀት ላይ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉት። ጥቁር ፍርፋሪ ከወረደ የካኒስተሩ ከሰል ተሰባብሮ መጥቷል። አንዲት ፍሬ የቫልቩ መቀመጫ ላይ ከተቀረቀረች ቫልቩ አይዘጋም። እዚህ ላይ ቫልቩን ብቻ መቀየር የወር ዕድሜ ነው፤ ካኒስተሩ ይለወጣል፣ ቱቦው ይነፋል፣ ከዚያ አዲስ ቫልቭ ይገባል። ከሰሉ እንዲህ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ፓምፑ «ጠቅ» ብሎ ካቆመ በኋላ ጨምሩበት ከማለት ነው። ሰልባትዮው ጢም ሲል ትነት ብቻ መግባት የነበረበት ካኒስተር ፈሳሽ ቤንዚን ይገባዋል።

የቫልቩን ሬዚስታንስ (ኦሙን) በቴስተር ስትለኩ አብዛኛዎቹ ከ15 እስከ 40 ኦም ባለው ውስጥ ናቸው፤ የቶዮታ ፐርጅ ቫልቭ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ23 እስከ 26 ኦም ገደማ ያሳያል። ኦሙ ትክክል መሆኑ ግን የሽቦውን ጤንነት እንጂ ቫልቩ መዝጋቱን አይናገርም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ቬንት ቫልቭ ከኋላ፣ ካኒስተሩ ላይ ወይም አጠገቡ ነው። ከካኒስተሩ አውልቃችሁ አጭር ንጹሕ ቱቦ ሰክታችሁ በእጅ ፓምፕ አየር ግፉበት፤ ያለ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ አለበት። 12 ቮልት ስትሰጡት «ቀጭ» ብሎ መዝጋት አለበት፤ ድምፁ ብቻ አይበቃም፣ አየር እየገፋችሁ እዩት። ከአቧራማ መንገድ የሚውል መኪና ላይ በጭቃና በአቧራ ታፍኖ ክፍት ወይም ዝግ ሆኖ ይቀራል። ዝግ ሆኖ የቀረ ቬንት የሚታወቀው ማደያ ላይ ነው፦ ሰልባትዮው ሳይሞላ ፓምፑ «ጠቅ» እያለ ያቆማል፣ ክዳኑ ሲከፈትም ረዥም የአየር ሳብታ ይሰማል። ቬንቱ ተዘግቶ ብዙ ከተነዳ ሰልባትዮው ራሱ ወደ ውስጥ ሊጨፈለቅ ይችላል።

የቬንቱ አየር ማስገቢያ ቱቦ ውስጥ ነፍሳት ጎጆ መሥራታቸው ቀልድ አይደለም። ማዝዳ በ2011 አሜሪካ ውስጥ ማዝዳ 6 መኪኖችን ለጥገና መልሶ የጠራው የቤንዚን ሽታ የሚስበው ቢጫ ሸረሪት የቬንቱን መስመር በድሩ እየዘጋ ስላስቸገረ ነበር።

ስካነር ብቻ ላለው

ስካነራችሁ ቫልቮችን ማዘዝ የሚችል ከሆነና መኪናው የሰልባትዮ ግፊት ሴንሰር ካለው፣ ምንም ሳይፈታ ብዙ ይታወቃል። ክዳኑን ከፍታችሁ የሴንሰሩን ንባብ እዩ። ከውጭ አየር ጋር እያነጻጸረ የሚለካ ሴንሰር ዜሮ ማሳየት አለበት፤ ብዙ የጄኔራል ሞተርስ መኪኖች ላይ ይህ ወደ 1.5 ቮልት ነው። ሙሉ ግፊት የሚያሳይ ሴንሰር ከሆነ ዋሽንግተን ላይ ወደ 101 ኪሎፓስካል፣ አዲስ አበባ ላይ 76 ወይም 77 ያነባል። አዲስ አበባ ላይ 76 ያየ ሰው ሴንሰሩ ተበላሸ ብሎ እንዳይቀይረው፤ ከፍታው ነው።

ክዳኑን ዝጉ፣ ሞተሩ ሞቆ እየሠራ ቬንቱን ዝጉ፣ ፐርጁን ክፈቱ። ቫኪዩሙ ወደ 25 ሴንቲሜትር ውሃ (2.5 ኪሎፓስካል) ሲደርስ ፐርጁን ዝጉና ተመልከቱ። ከዚያ በላይ አትሂዱ። ቫኪዩሙ ጨርሶ ካልተፈጠረ ቬንቱ አልዘጋም፣ ፐርጁ አልከፈተም ወይም ትልቅ ቀዳዳ አለ። ተፈጥሮ ቶሎ ከወረደ ትንሽ ቀዳዳ ነው። ፐርጁ ከተዘጋ በኋላም ቫኪዩሙ መጨመሩን ከቀጠለ ፐርጅ ቫልቩ ያስተላልፋል።

በውሃ መለኪያ መፈተሽ

የጭስ ማሽን ለሌለው ሰው ይህ መንገድ ከሚጠበቀው በላይ ይሠራል። 2 ሜትር ያህል የሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ እንደ «ዩ» አጥፋችሁ ጣውላ ላይ እሰሩት፣ እስከ መሐሉ ድረስ ቀለም የተቀላቀለበት ውሃ ሙሉት፣ በመሐሉ ማስመሪያ ለጥፉ። አንዱን አፍ በቲ ቅርጽ መገናኛ ከመኪናው መስመር ጋር አገናኙት፣ ሌላው ክፍት ይሁን። የሁለቱ ውሃዎች የከፍታ ልዩነት ግፊቱ ነው።

መስመሩን ከፐርጅ ቫልቩ ባወለቃችሁት የካኒስተር ቱቦ ላይ ስኩት። ቬንቱን 12 ቮልት ሰጥታችሁ ዝጉት፣ ወይም የቬንቱን የአየር ማስገቢያ አፍ በጎማ ውተፉት። ቫልቩ ለረጅም ጊዜ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ስለሚግል መወተፉ ይሻላል። በቲው ሦስተኛ አፍ በብስክሌት የእጅ ፓምፕ ቀስ ብላችሁ 25 ሴንቲሜትር ልዩነት እስኪመጣ ግፉና መግቢያውን ቆንጥጡት።

እዚህ ላይ ስንት አየር እንደሚበቃ ልብ በሉ። ሰልባትዮው ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ 30 ሊትር ቢሆን፣ 25 ሴንቲሜትር ለመድረስ የሚያስፈልገው አየር 1 ሊትር አይሞላም። ኮምፕሬሰር ይህን የሚሰጠው በቅጽበት ነው፤ ቀጥሎ የሚሆነው የሰልባትዮው መነፋት፣ የግፊት ሴንሰሩ መሰበርና የትነት መበተን ነው። የጋራዥ ኮምፕሬሰር ለዚህ ሥራ በጭራሽ አይገናኝ። የውሃ መለኪያው አንዱ ጥቅም ራሱ ጠባቂ መሆኑ ነው፦ ከመሐሉ በላይ ያለው ቁመት 20 ሴንቲሜትር ከሆነ፣ ግፊቱ ከ40 ሴንቲሜትር ሲያልፍ ውሃው ተረጭቶ መንገዱ ይከፈታል። ያ ማለት 0.6 ፒኤስአይ እንኳ አይሞላም።

አሁን ሰዓት ያዙ። በዚያው 30 ሊትር ባዶ ቦታ ላይ የ1 ሚሊሜትር ቀዳዳ ግፊቱን ከ25 ወደ 12 ሴንቲሜትር ለማውረድ 15 ሰከንድ ገደማ ይወስድበታል፤ የ0.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ 1 ደቂቃ ገደማ። ሰልባትዮው ሞልቶ ባዶው ቦታ ሲያንስ በዚያው ልክ ይፈጥናል። በ3 ደቂቃ ውስጥ 1 ወይም 2 ሴንቲሜትር ብቻ ከወረደ የሙቀት ለውጥ ሊሆን ይችላል፣ ድገሙት። ከዚያ በላይ ከወረደ ግን ክፍሎችን ለዩ፦ በካኒስተሩና በሰልባትዮው መካከል ያለውን የጎማ ቱቦ ጥርስ በሌለው መቆንጠጫ ያዙ። መውረዱ ከቆመ ጥፋቱ በሰልባትዮው በኩል ነው፤ ከቀጠለ በካኒስተሩና በፐርጁ በኩል። የናይለን ቱቦ አይቆነጠጥም፣ ይሰነጠቃል፤ እሱን ከመገናኛው ነቅሎ መወተፍ ነው።

በተለየው ክፍል ላይ በሳሙና ውሃ የተነከረ ብሩሽ በየመገናኛው አስኪዱ። አረፋው ቀስ ብሎ ይነፋል፤ ለእያንዳንዱ መገናኛ ጥቂት ሰከንድ ስጡት።

በጭስ

የጭስ ማሽን የማዕድን ዘይት አግሎ ወፍራም ነጭ ጭስ ይሠራል። ለኢቫፕ ሲሆን ጭሱን የሚገፋው ናይትሮጅን ቢሆን ይመረጣል፤ ሰልባትዮ ውስጥ አየር በብዛት ማስገባት ትነቱን ወደሚቀጣጠልበት ድርሻ ያወርደዋል። ግፊቱ ከ35 ሴንቲሜትር ውሃ (0.5 ፒኤስአይ) አይለፍ። አንዳንድ የአሜሪካ መኪኖች ሞተሩ አጠገብ አረንጓዴ ክዳን ያለው መፈተሻ አፍ አላቸው፤ ውስጡ ያለው ቫልቭ ጥርሱ ግራ ነው፣ እንደ ጎማ ቫልቭ በተለመደው አቅጣጫ የሚፈታ መስሎት የሚሰብረው ብዙ ነው።

መጀመሪያ ክዳኑን ክፍት አድርጋችሁ ጭሱን ልቀቁ። በአንገቱ በኩል ጭስ ሲወጣ መስመሩ እስከ መጨረሻው ሞልቷል፤ አሁን ክዳኑን ዝጉ። ይህን ካላደረጋችሁ የታመቀ አየር ብቻ እያስወጣችሁ «ጭስ የለም፣ ቀዳዳም የለም» ትላላችሁ። ቦታው ከነፋስ የተጠለለ ይሁን፤ መብራቱን ከጎን አብሩ፣ ፊት ለፊት ሲያበሩ ቀጭን ጭስ አይታይም። ከሰልባትዮው ጎን ሲወጣ ያያችሁት ጭስ ቀዳዳው እዚያ ነው ማለት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከአናቱ ወጥቶ በሰልባትዮውና በወለሉ መካከል ተጉዞ ነው የሚመጣው። የኋላ ወንበሩን አንሥታችሁ የፓምፑን መፈተሻ ክዳን ክፈቱና ከላይ እዩት። ጭሱ ዘይት ነውና ካኒስተሩን ሳያስፈልግ ለረጅም ጊዜ አታጭሱበት፤ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

ጭስ የሚያሳየው በግፊት የሚከፈተውን ነው። በቫኪዩም ጊዜ ብቻ የሚላቀቅ መገናኛ በግፊት ተጣብቆ ዝም ይላል። ጭስ ንጹሕ ነው ብሎ ኮዱ ከተመለሰ በእጅ ቫኪዩም ፓምፕ በየክፍሉ ፈትሹ።

ቀዳዳው የሚገኝባቸው ቦታዎች

ክረምት መንገድ ላይ ጨው በሚበተንበት፣ ለምሳሌ ሚኒሶታ ወይም ሜሪላንድ የሚነዳ መኪና ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የብረት አንገት ቧንቧው ነው፤ በጎማው ዋሻ ፕላስቲክ ጀርባ ጭቃና ጨው ተጠራቅሞ ከውጭ ወደ ውስጥ ይበላዋል። ፕላስቲኩ ካልወለቀ አይታይም። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ከዝገት ይልቅ ድንጋይና የመንገድ ጉብታ ነው፦ ከኋላ ዝቅ ብሎ የተሰቀለው ካኒስተር ይሰነጠቃል፣ አፉ ላይ ያለው ፕላስቲክ ይሰበራል። በቅርቡ የቤንዚን ፓምፕ የተቀየረለት መኪና ከሆነ ሌላ ቦታ ከመድከም በፊት የፓምፑ ጎማ ቀለበት ይታይ። አሮጌው ቀለበት ተመልሶ ተደርጎበት ወይም አዲሱ ተጣሞ ተቆንጥጦ ይገኛል። ፓምፑ በወጣ ቁጥር ቀለበቱ አዲስ መሆን አለበት፤ ዋጋው ከድካሙ አንጻር ምንም ነው።

ቱቦ ሲቀየር የውሃ ቱቦ አይሆንም፤ በትነት ያብጣል፣ ከፋሼታው (ከማሰሪያው) ሥር ይላላል። ለቤንዚን ትነት የተሠራ፣ ኤስኤኢ ጄ30አር7 የሚል የታተመበት ይፈለግ። የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ላይ ሲሊኮን መቀባትም ከንቱ ነው፤ ቤንዚን ያሳብጠውና ተላጥቶ ይወርዳል።

የቶዮታው ፓምፕ

ካምሪ፣ ኮሮላ፣ ራቭ4ና ሌሎች ብዙ የአሜሪካ ቶዮታዎች ካኒስተሩ ላይ ትንሽ የቫኪዩም ፓምፕ አላቸው። ፍተሻው የሚሠራው ሞተሩ ከጠፋ 5 ሰዓት ቆይቶ ነው፤ ሞተሩ ገና ከ35 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ከጠፋ በ7ኛው ሰዓት፣ ያም ካልሆነ 9 ሰዓት ተኩል ሲሞላው ይሞክራል። ማታ 2 ሰዓት ላይ ያቆማችሁት መኪና ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ከኋላው እዝዝ ሲል ብትሰሙ ጤናው ነው።

ፓምፑ መጀመሪያ ውስጡ ባለ 0.5 ሚሊሜትር መለኪያ ቀዳዳ በኩል እየሳበ ቫኪዩሙን ይመዘግባል፣ ቀጥሎ ሰልባትዮውን ይስባል። ሰልባትዮው ያን ያህል ቫኪዩም ካልደረሰ ቀዳዳው ከመለኪያው ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ ፓምፑ ራሱ ወይም መለኪያ ቀዳዳው ሲበላሽ ፒ043ኢ፣ ፒ043ኤፍ፣ ፒ2401፣ ፒ2402፣ ፒ2419 ተግተልትለው ይመጣሉ። አምስት ስድስት ኮድ አንድ ላይ ሲወጣ አምስት ስድስት ብልሽት አለ ማለት ሳይሆን ፓምፑ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል፤ ሶኬቱ ውስጥ ውሃና አረንጓዴ ዝገት መኖሩ ግን ቀድሞ ይታይ። ባትሪ እየተፈታ የሚያድር መኪና ላይ ይህ ፍተሻ አይሠራም።

ከጥገና በኋላ

ኮዱን አጥፍታችሁ በዚያው ቀን ወደ ኢሚሽን (የብክለት) ምርመራ አትሂዱ። ማጥፋት የኮምፒውተሩን የፍተሻ መዝገብ ሁሉ ባዶ ያደርገዋል። በኢፒኤ (የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት) መመሪያ ከ2001 ወዲህ ላለ ሞዴል ያልተጠናቀቀ አንድ ፍተሻ ብቻ ይፈቀዳል፤ ከ1996 እስከ 2000 ላለው ሁለት። ካሊፎርኒያ ከ2000 ወዲህ ላለ የቤንዚን መኪና የምትፈቅደው ያልተጠናቀቀው ኢቫፕ ከሆነ ብቻ ነው። ይህ ለኡበርና ለታክሲ ነጂ ሊጠቅም ይችላል፤ ሌሎቹ ፍተሻዎች ተጠናቀው ኢቫፑ ቢቀር መኪናው ያልፋል።

ኢቫፑ እንዲጠናቀቅ ቤንዚኑ ግማሽ አካባቢ ይሁን፤ ብዙ መኪኖች ከ15 በመቶ በታች ወይም ከ85 በመቶ በላይ ከሆነ አይፈትሹም። ሌሊቱን ለ8 ሰዓት ያህል ይቁም። ጠዋት ሲነሳ የሞተሩ ውሃና የሚገባው አየር ሙቀት ተቀራራቢ፣ ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይሁን። ከዚያ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በተረጋጋ ፍጥነት ይነዳ፣ በመሐል ቤንዚን አይሞላ። አብዛኛው የኢቫፕ ኮድ መብራቱን የሚያበራው ጥፋቱን በሁለት ተከታታይ ፍተሻ ሲያይ ስለሆነ፣ ከአንዱ በኋላ መብራት ባይኖርም ስካነሩ ላይ «በመጠባበቅ ያለ ኮድ» የሚለውን ገጽ ክፈቱ። ጥገናው ካልያዘ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው።

ከፍታም አለ። የአሜሪካ ደንብ ከ8,000 ጫማ፣ ማለትም ከ2,400 ሜትር በላይ ፍተሻው እንዲቆም ስለሚፈቅድ ብዙ አምራቾች ያቆሙታል። አዲስ አበባ ድንበሩ አጠገብ ናት፤ እንጦጦ ሥር ያደረ መኪና ላይፈትሽ፣ ቦሌ ያደረው ሊፈትሽ ይችላል። ደብረ ብርሃን ላይ የሚኖር መኪና ከነቀዳዳው ወራት ሙሉ መብራት ሳያበራ ቆይቶ አዳማ ወርዶ ሁለት ሌሊት ሲያድር ሊያበራ ይችላል። ቀዳዳው አዳማ ላይ እንዳልተፈጠረ ለባለቤቱ አስቀድማችሁ ንገሩት።